ድምፅም ሙያ ነው፦ ስለ ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በወርሃዊ ስብሰባችን የቀረበ ንግግር

ቁጠባውም ተሰብስቧል፣ ቡናውም ቶና ላይ ደርሷል። በረካው እስኪቀዳ ድረስ ጆሯችሁን አውሱን። በየወሩ በዚህ ሰዓት ስለ ዶሮ እርባታ፣ ስለ ብድር አመላለስ፣ ስለ ሕፃናት ክትባት ስናወራ ቆይተናል። የዛሬው ርዕሳችን አንዲት ዘፋኝ ናት። “ዘፋኝና ቁጠባ ምን አገናኛቸው?” የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ነገሩ ባለፈው ወር እዚሁ ክፍል ውስጥ ስለተነሣ ነው።

ሁላችንም እናስታውሳለን። አንዲት እህታችን ተነሥታ፣ አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጇ ደሴ ላይ ለሚደረግ የተማሪዎች የሙዚቃ ውድድር መመረጧን ነገረችን። ለመሳፈሪያና ለማደሪያ የሚሆን ጥቂት ብር ከማኅበሩ እንድትበደር ጠየቀች። ሰብሳቢዋ ደንቡን ገለጠች። ደንባችን “ብድር ለሥራና ለትምህርት ይሰጣል” ይላል። ታዲያ ዘፈን ሥራ ነው ወይስ ትምህርት? ማንም አልመለሰም። ከዚያ አንዲት የምናከብራቸው እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ “ልጅሽን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው እንዴ?” አሉ። ጠያቂዋ ቁጭ አለች። ያን ቀን ቡናው እንኳ ሳይጠጣ ተበተንን።

ኮሚቴው ለሦስታችን “እስቲ ነገሩን አጥንታችሁ ኑ” አለን። ስንመካከር አንድ ነገር ታወቀን። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የአድዋ በዓል ሲከበር፣ በትምህርት ቤቱ ግቢም፣ በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማል። ስለ አባይ ሲወራም የዚያችው ሴት ድምፅ ይሰማል። “አዝማሪ” ያሉት እናታችንም ቢሆኑ ያንን ዘፈን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። የዚህች ሴት ስም እጅጋየሁ ሽባባው ነው፤ ሰው ሁሉ ጂጂ ይላታል። ዘፋኝ እንድትሆን አባቷ አልፈቀዱላትም ነበር። ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው ከምናወራ ስለ እሷ እናውራ አልን።

ጂጂ የተወለደችውና ያደገችው ቻግኒ ነው። ቻግኒ ጎጃም ውስጥ፣ በአዊ በኩል ያለች ከተማ ናት። ከእኛ ቦረና ጫፍ ቆመን ቁልቁል ወደ አባይ ሸለቆ ስንመለከት ማዶው ጎጃም ነው። ቻግኒ ከማዶው ጫፍ ብዙ መንገድ ቢርቅም፣ አገሩ ያው የአባይ ማዶ ነው። እንጀራውም፣ ልቅሶውም፣ የሰርግ ዘፈኑም ከእኛው ጋር ዘመድ ነው። ስለዚህ ጂጂ ሩቅ አገር ሰው አይደለችም፤ የማዶ ልጅ ናት።

ልጅ ሳለች በቤታቸው ከነበሩ ቄስ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማረች። ይህን አስቡት። ዜማውን ታውቃለች፣ ድምፁ አላት፤ ማኅሌት ላይ ቆሞ ማዜም ግን የወንዶች ድርሻ ነው። እኛ እዚህ የተቀመጥነው ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ነን። የክርስቲያኖቹ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆመን የደብተራውን ድምፅ ሰምተን አድገናል። የሙስሊሞቹ ልጆች መንዙማ ሲወረድ ከጓዳ ሆነን ተቀብለናል። ድምፅ ኖሮን መቆሚያ ያጣንበት ጊዜ ለሁላችንም እንግዳ አይደለም። የጂጂ መዝሙር መሰል አዘፋፈን፣ ያ ድምፅን አንሥቶ ቀስ ብሎ የማውረድ ነገር፣ ከዚያ ከልጅነት ትምህርት እንደመጣ የሚያዳምጣት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ዘፋኝ እሆናለሁ ስትል አባቷ አልተስማሙም። በአባቷ ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን የምናነሣው። በዚያ ዘመን፣ ምናልባት በዚህም ዘመን፣ የስንቱ ቤት አባት ይስማማል? “የጨዋ ልጅ አትዘፍንም” የሚለው ቃል በየቤታችን ነበር። አባቶች የሚፈሩት ነገርም ሐሰት አልነበረም። ሴት ልጅ በማታ መድረክ ላይ ስትቆም የሚደርስባትን ያውቃሉ፤ ሰው የሚያወጣላትንም ስም ያውቃሉ። ግን ፍርሃቱ የሚከለክለው ሁልጊዜ ልጅቱን እንጂ የሚደፍራትንና ስም የሚያወጣባትን ሰው አልነበረም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያመን።

ጂጂ ከቤት ወጣች። አዲስ አበባ ሄደች፤ ከዚያም ኬንያ፣ ናይሮቢ ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ አሜሪካ ሄዳ ሳን ፍራንሲስኮ ተቀመጠች። በዚያው ዘመን “ፀሐይ” እና “ዋን ኢትዮጵያ” የሚሉ ሁለት ሥራዎች አወጣች። እነዚህን የሰማው በብዛት በውጭ የሚኖረው አገራችን ሰው ነበር። የአገር ናፍቆት ያለበት ሰው ድምፅ ይመርጣል፤ የእሷንም መረጠ።

ከዚያ ነገሩ ሰፋ። ክሪስ ብላክዌል የሚባል ሰው አለ። የቦብ ማርሌን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰው የሙዚቃ ድርጅት ባለቤት እሱ ነበር። በኋላም “ፓልም ፒክቸርስ” የሚባል ድርጅት አቋቁሟል። ይህ ሰው የጂጂን ድምፅ ሰምቶ ወደደው። ቢል ላስዌል የተባለው አሜሪካዊ ሙዚቀኛና አቀናባሪ ሥራውን መራ፤ በኋላም ባለቤቷ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ “ጂጂ” የተባለው አልበም ወጣ። በዚህ አልበም ላይ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተዋል። እነዚህ በጃዝ ሙዚቃ ዓለም አንጋፋ የሚባሉ፣ የሙዚቃ ተማሪ ሁሉ ስማቸውን የሚያጠናው ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲነፉና ሲመቱ መሐል ላይ ቆማ በአማርኛ የምትዘፍነው የቻግኒዋ ልጅ ነበረች። ቋንቋዋን አልለወጠችም፤ ስለ ዋሽንት፣ ስለ አባይ፣ ስለ አድዋ ነው የዘፈነችላቸው።

በዚያ አልበም ውስጥ “ጉራማይሌ” የሚባል ዘፈን አለ። ዛሬ ልጆቻችን ጉራማይሌ ሲባል አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ መናገር ይመስላቸዋል። እናቶቻችን ግን ቃሉን ከድዳቸው ያውቁታል። ድድ ሲነቀሱ አንዱን ቦታ አጥቁረው፣ አንዱን እንዳለ ትተው፣ እየዘለሉ ሲነቀሱት ጉራማይሌ ይባላል። ለውበት ነበር፤ መርፌውም ያማል። አልበሙ ራሱ እንደዚያ ነው። የአገር ዜማ አለ፣ የፈረንጅ መሣሪያ አለ፣ ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። በአገር ቤት “ይህ የእኛ ሙዚቃ አይደለም፣ በዛ” ያሉ ሰዎች ነበሩ። በውጭ ደግሞ አድናቆቱ ብዙ ነበር። ቆየት ሲል ያው የተባለው አልበም የበዓል ዘፈናችን ሆነ። አዲስ ነገር ይዛ የመጣችን ሴት መጀመሪያ የሚቀበላት ወቀሳ ነው፤ በማኅበራችንም ምድጃ ቆጣቢውን ስናመጣ ያየነው ነው።

ስለ “አድዋ” ትንሽ እንበል፤ ከእኛ አገር ጋር ጉዳይ አለውና። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መግቢያ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ሰው ወረኢሉ ላይ እንዲከት ታዝዞ ነበር። ወረኢሉ የእኛው የደቡብ ወሎ ከተማ ናት። ጠቡን ያመጣው ውልም የተፈረመው በዚሁ በወሎ ምድር፣ ውጫሌ ላይ ነው። ስለዚህ የአድዋ መንገድ በደጃችን ያልፋል። ጦሩ ሲያልፍ ማን ፈጨ? ማን ጋገረ? ማን ውሃ ተሸከመ? ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። እቴጌ ጣይቱን ሁሉም ያውቃል፤ የስንቅ ተሸካሚዋን ማንም አያውቃትም። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ያን ድል ለአዲሱ ትውልድ በዘፈን ያስታወሰችው ሴት ሆነች። ጂጂ በዘፈኗ ሕይወታቸውን ሰጥተው ያለፉትን ታመሰግናለች፣ በእነሱ ዋጋ ቆማ መኖሯን ትናገራለች። ጀግንነትን በሽለላና በፉከራ መናገር የወንዶች ነበር። እሷ በለሆሳስ፣ በምስጋና ተናገረችው፤ ሰው ግን ከፉከራው እኩል ልቡ ተነካ።

“አባይ” የሚለውም እንዲሁ ነው። እኛ አባይን ከላይ ሆነን የምናይ ሰዎች ነን። ሸለቆው ሥር እየሄደ እኛ እንስራ ተሸክመን ምንጭ ለምንጭ እንንከራተታለን። ጂጂ ወንዙን እንደ ሰው ታነጋግረዋለች፤ ታወድሰዋለች፣ ትወቅሰዋለችም። ከብዙ ዓመት በኋላ የሕዳሴው ግድብ ነገር ሲነሣ ያ ዘፈን እንደገና በየቦታው ተሰማ። ቁም ነገሩን ለማውጣት ሹመት አልነበራትም፤ የነበራት ድምፅና የገዛ ራሷ ግጥም ነው።

“የገዛ ራሷ ግጥም” ያልነውን ልብ በሉልን። ጂጂ ሰው የሰጣትን ብቻ የምትዘፍን አይደለችም። ግጥምና ዜማ ራሷ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ2003 “አቢሲኒያ ኢንፊኒት” በሚል ስም “ዛየን ሩትስ” የተባለውን ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በእንግሊዝኛ “ወርቅና ሰም” የሚል ትርጉም ያለውን አልበሟን አውጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2010 “ምስጋና ኢትዮጵያ” ወጣ። እህቷ ትዕግሥት ሽባባውም ድምፃዊት ነበረች፤ ዕድሜ ሳትጠግብ ነው ያረፈችው፤ ነፍሷን ይማር። ከአንድ ቤት ሁለት ድምፃዊት መውጣቱ፣ ተሰጥኦ ከልካይ ቢኖረውም መንገድ እንደማያጣ ያሳያል።

አሁን “ጂጂ አንዲት ናት፤ የሺህ ልጅ ዕድል አይደለም” የምትሉን አላችሁ። እውነት ነው። ግን ከእሷ በፊትም ነበሩ። አስናቀች ወርቁ ክራር ይዘው፣ ቲያትር ሠርተው፣ መድረክ ላይ ከቆሙት ቀደምት ሴቶች አንዷ ናቸው። ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ዘፍነዋል። አስቴር አወቀ በካሴት ዘመን በየቤታችን ገብታ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዳ፣ እዚያም በዓለም የሙዚቃ ገበያ ስሟን አስጠርታለች። ከራሳችን ከወሎ ደግሞ ማሪቱ ለገሰ አሉ። ደሴ ላይ ከላሊበላ የኪነት ቡድን ጋር ተነሥተው፣ ባቲንና አምባሰልን የዘፈኑልን እሳቸው ናቸው። ባቲም አምባሰልም የቦታ ስም መሆናቸውን ሁላችን እናውቃለን፤ ሁለቱም የወሎ ናቸው። አገሪቱ ሙዚቃዋን በአራት ቅኝት ስትከፍል ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ትላለች። ሁለቱ ስማቸውን ከእኛ ምድር ወስደዋል። ትዝታንም ሰው ሁሉ ወሎ፣ ወሎ ይላል። እንዲህ ያለ አገር ላይ ተቀምጠን “ዘፈን የማን ሙያ ነው?” ብለን መጠየቃችን ራሱ የሚገርም ነው።

ሙያ የሚለውን ቃል እንመልከተው። እኛ ሴቶች “ባለሙያ ናት” የምንለው ማንን ነው? ጠላዋ የማይኮመጥጥ፣ ወጧ የሚያምር፣ ስፌቷ የማይላላ። “ሙያ በልብ ነው” እንላለን። በዚህ አገር ሴት በሙያዋ ትመሰገናለች እንጂ አይከፈላትም ነበር። ይህ ማኅበር የተቋቋመው ለምንድን ነው? ስፌቷን፣ ጠላዋን፣ ፈትሏን በዋጋ እንድትቆጥር አይደለም? የዛሬ ስንት ዓመት “እንጀራ መሸጥ ነውር ነው” ያለን ሰው አልነበረም? ዛሬ እንጀራ ሸጠን ልጅ እናስተምራለን። በእጅ የሚሠራውን ከነውር አውጥተነዋል። በጉሮሮ የሚሠራው ብቻ ነውር ሆኖ ለምን ይቀራል?

እንዲያውም እስቲ የራሳችንን ድምፅ እንቁጠር። ሕፃን ሲያለቅስ እሹሩሩ የምንል እኛ ነን። ድሮ ወፍጮ ሳይመጣ እናቶቻችን መጅ ይዘው ሲፈጩ ሌሊቱን በእንጉርጉሮ ያሳጥሩት ነበር፤ ባል ላይ ያለውን ቅሬታ፣ አማት ላይ ያለውን ምሬት በሰምና ወርቅ አድርገው ያወጡት በዚያ ነው። ሰርግ ላይ የምናሞቅ እኛ ነን። ልቅሶ ላይ ሙሾ የምናወርድ እኛ ነን። ሙሾ አውራጇ የሟችን የትውልድ ሐረግ፣ ደግነቱን፣ የተወለደበትን መንደር፣ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ገጥማ ሰውን ታስለቅሳለች። ይህን የምታደርግ ሴት ገጣሚ ናት፣ ዜመኛ ናት፣ ታሪክ አዋቂ ናት። ግን ልቅሶው ሲያልቅ ንፍሮ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ስሟ የትም አይጻፍም። ያወረደችውም ሙሾ ከእሷ ጋር ይቀበራል።

ነገሩን አጣፍጠን ብቻ አናቅርብላችሁ። መንገዱ ዋጋ አለው። ጂጂ ከቤት ወጥታ፣ ከአገር ወጥታ፣ አብዛኛውን ዕድሜዋን በስደት ኖራለች። አስቴርም፣ ማሪቱም ብዙ ዓመት ከአገር ርቀው ነበር። ስለ አገር እጅግ የሚያምረውን የሚዘፍኑ ሴቶቻችን ከአገር ርቀው መኖራቸው ያሳዝናል። አንዲት ልጅ ድምፅ ስላላት ከቤቷ ጋር መቆራረጥ አለባት? እኛ የምንፈልገው ልጆቻችን እንዲኮበልሉ አይደለም። እንዳይኮበልሉ ነው። ቤት ሲዘጋባት የምትኮበልል ልጅ በመንገድ የሚያገኛትን አታውቅም። እናቷ አብራት ደሴ የሄደች ልጅ ግን ማታ እናቷ ዘንድ ታድራለች። ይህን ልዩነት እኛ እናቶች ካላወቅነው ማን ያውቀዋል?

ሌላው ዋጋ ደግሞ ገንዘብ ነው። ዘፋኝ ሆና ድምፅዋን ሰው ሸጦባት እሷ ባዶ እጇን የቀረች ሴት ብዙ ናት። ስለዚህ ሕጉን ጠይቀን መጥተናል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ግጥም የጻፈ፣ ዜማ የደረሰ ሰው በሥራው ላይ መብት አለው። ድምፅዋን ሰጥታ የዘፈነችም በዘፈነችው ላይ መብት አላት። ይህን መብት ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ነው። በቃል “እኔ አሳትምልሻለሁ፣ አንቺ ዝፈኚ” ብሎ ነገር የለም። እዚህ ስለ ብድር ውል ስንማር “ሳታነቢ አትፈርሚ” ተባብለን አልነበር? ዘፈንም ላይ ያው ነው። ልጆቻችን ግጥማቸውን በደብተር ላይ ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ውል ሲመጣ ለአዋቂ ያስነብቡ። ድምፅ ሙያ ከሆነ እንደ ሙያ ይጠበቅ።

ይህን ሁሉ ካዘጋጀን በኋላ አንድ ነገር ቀረን። ባለፈው ወር የተናገሩትን እናታችንን ሳናነጋግር ንግግር ማድረግ ተገቢ አልመሰለንም። እሳቸው የሠፈራችን ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከዚህ ክፍል ውስጥ እሳቸው ያላስለቀሱት ሰው ያለ አይመስለንም። ቤታቸው ሄደን፣ ቡና አፍልተውልን፣ ከስልካችን ላይ የጂጂን “አድዋ” አሰማናቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ “ድገሙልኝ” አሉ። ደገምን። ከዚያ “የማን ልጅ ናት?” ብለው ጠየቁ። የማዶ ልጅ መሆኗን፣ አባቷም አልፈቀዱላትም እንደነበር ነገርናቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሲኒውን እያዞሩ እንዲህ አሉን፦ “ልጆቼ፣ እኔ ልጃገረድ ሳለሁ ሰርግ ላይ ባወጣ አባቴ ከሕዝብ መሐል ጎትቶ አወጣኝ። ‘ድምፅሽን ለሰው አታስሚ’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ አንድም ቀን አላወጣሁም። እኔ ድምፄ የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሲሞትማ ማንም አይከለክልሽም።” ቀጥለውም “ባለፈው የተናገርኩት የአባቴን ቃል ነው፤ ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ” አሉ። ይህን ለእናንተ እንድንነግር ፈቅደውልናል። “ንገሩ፤ እኔ ብናገረው ሙሾ ይሆንብኛል” ነው ያሉን።

እህቶቻችን፣ ከዚህ በኋላ ብዙ የምንለው የለንም። ሦስት ነገር ግን ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በደንባችን ላይ “ለሥራና ለትምህርት” የሚለው ሙዚቃንም፣ ቲያትርንም፣ ሥዕልንም እንደሚጨምር በቃለ ጉባኤ ይያዝልን። የተጠየቀው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ለዶሮ መኖ ከምንሰጠው አይበልጥም። ጥያቄው የገንዘብ ሳይሆን የስም ነው። ልጅቱ “ሥራ ልትሞክር ሄደች” ትባል፤ “ጠፋች” አትባል።

ሁለተኛ፣ አባቷን የሚያነጋግሩ ሦስት ሰዎች ይመረጡ። በክርክር አይደለም፤ በሽምግልና ደንብ፣ እሱንም አክብረን፣ ፍርሃቱንም ሰምተን። እናት አብራት እንደምትሄድ፣ ከማኅበሩም አንዲት ሴት እንደምትጨመር እንንገረው። አባት ሲከለክል ብዙ ጊዜ ብቻውን የፈራ ሰው ነው፤ ፍርሃቱን ከተካፈልነው ሊቀለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ መቅዳት እንጀምር። ሁላችንም ቤት አንድ መቅጃ ያለው ስልክ አይጠፋም። የእናቶቻችንን እሹሩሩ፣ የሰርግ ዘፈን፣ የመጅ እንጉርጉሮ፣ መንዙማውንም ከነስማቸው እንቅዳው፤ ልጆቻችን በደብተር ይገልብጡት። የቻግኒዋ ልጅ ይዛ የሄደችው በልጅነቷ የሰማችውን ነው። የእኛ ልጆች ምን ሰምተው ነው የሚሄዱት? ካልቀዳንላቸው ምንም።

ለቀዳዮቹ የመጀመሪያዋን ሴት አግኝተናል። እኚያ እናታችን ለመቀዳት ተስማምተዋል፤ አንድ ነገር ግን ጠይቀዋል። ሙሾ አያወርዱም። “ለአርባ ዓመት የሰው ልቅሶ ሰጥቻለሁ፤ ለስልኩ የሰርጉን ነው የማወጣለት” ብለዋል። ለመቀበል እናንተ ታስፈልጋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤታቸው። ቡናው ከእኛ ነው፤ ጭብጨባው ከእናንተ።

አሁን በረካው ይቀዳ። እጅ የምታወጡም አውጡ።